ኮምፒውተሩ ይለወጥ ወይስ ካርዱ ብቻ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተማ ቤተሰብ ዘንድ ኮምፒውተር የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ እንደ ስፌት መኪና ወይም እንደ ምድጃ የቤት መሣሪያ ሆኗል። ልጆች የትምህርት ቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል፤ እናት ከመሥሪያ ቤት ያመጣችውን ጽሑፍ ታጠናቅቅበታለች። ከዚህም በላይ የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር፣ የጥሪ ካርድ በማዘጋጀት፣ የቤት ፕላን በመሣል የዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙበት ሴቶች ቁጥር ቀላል አይደለም። እንግዲህ ይህ መሣሪያ አርጅቶ ሲጎተት፣ ቪዲዮው ሲቆራረጥ ወይም አዲሱን ፕሮግራም አልከፍትም ሲል በቤት ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩ ባጠቃላይ ይለወጥ? ወይስ የደከመው ክፍል ብቻ ተነቅሎ በሌላ ይተካ?

ጥያቄው ባሁኑ ወቅት ይበልጥ ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ኮምፒውተርና መለዋወጫው ደግሞ ያለ ዶላር አይገቡም። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች የዓለምን የማስታወሻ ቺፕ በብዛት በመሸመታቸው የራም ዋጋ በየአገሩ አሻቀበ። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የብር ዋጋ አልጠቀስኩም፤ ጋዜጣው ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ከአንባቢዋ እጅ እስኪገባ ድረስ ዋጋው ሌላ ሆኖ ይገኛልና ነው።

ካርዱ ምን ይሠራል?

ግራፊክስ ካርድ የሚባለው በኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ በማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ የሚቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ የራሱ ማራገቢያ ያለው ሰሌዳ ነው። የሞኒተሩ ገመድ የሚሰካውም በዚሁ ሰሌዳ ጀርባ ነው። ሥራው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ነጥብ ማቅለም ነው። በብዙ ቤት የሚገኘው ስክሪን 1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ እነዚህም በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳሉ።

ነገሩን በድግስ ቤት ምሳሌ መመልከት ይቻላል። ሲፒዩ የሚባለው የኮምፒውተሩ አንጎል እንደ አንዲት ሙያ ያላት ወጥ ሠሪ ነው። ወጡን ታጣጥማለች፣ ቅመሙን ትመጥናለች፣ ሁሉንም ታውቃለች፤ ነገር ግን ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ብቻሽን ክተፊ ቢሏት ሌሊቱ አይበቃትም። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ሽንኩርት ለመክተፍ የተሰበሰቡትን የጎረቤት ሴቶች ይመስላል። እያንዳንዷ የያዘችው አንድ ቀላል ሥራ ቢሆንም ብዙ ስለሆኑ ክምሩ ባንድ ጊዜ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበው ጂቲ 710 የተባለው ርካሽ ካርድ እንዲህ ያሉ 192 ከታፊዎች ሲኖሩት፣ በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ደግሞ 896 አሉት። ሁለቱም በዛሬ መመዘኛ ትንንሽ ካርዶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቪዲዮ በሚቀናበርበት ቤት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያህል ነው።

በሰፈሬ የምትኖር አንዲት እናት አለች። ቀን በመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ማታና ቅዳሜ እሑድ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ታቀናብራለች። የመጀመሪያ ልጇ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት። እናትና ልጅ ተራ እየገቡ የሚሠሩበት ኮምፒውተር አንድ ነው፤ እሱም በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግሎ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ከሚገቡት ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። በውስጡ የነበረው ካርድ ከላይ የጠቀስኩት ጂቲ 710 ነበር። የቪዲዮ ፕሮግራሟን ስታሳድስ ፕሮግራሙ ካርዱን አልቀበልም አለ። በአሮጌው ፕሮግራም ስትሠራ ደግሞ አንድ ሠርግ ጨርሶ ለማውጣት ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል። በቀጠሮው ቀን ሥራው አልደርስ ያላቸው ደንበኞች ወደ ሌላ መሄድ ጀመሩ፤ ልጅቷም የመመረቂያ ፕሮጀክቷን የምታስረክብበት ጊዜ እየቀረበ ነበር።

ኮምፒውተሩን ወንድሟ ተሸክሞላት ወደ አንድ ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ሳጥኑን ሳይከፍት ይህ ያለፈበት ዕቃ ነው፣ ሙሉውን መለወጥ ነው የሚያዋጣው አላቸው። ያስገረመኝ የተጠየቀው ዋጋ ብቻ አይደለም። የምትሠራበትም የምትከፍለውም እሷ ሆና ሳለች፣ ሻጩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነጋገረው ወንድሟን ነበር። በእጇ ያለው ገንዘብ በጥር የደረሳት እቁብ ሲሆን፣ እሱም ለቤት ኪራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ የታሰበ ነው። እንግዲህ ወይ ኪራዩ ወይ ኮምፒውተሩ ማለት ነው። ወደ ቤት ተመልሰው ሳጥኑን የፈታችው ልጅቷ ናት።

ፕሮግራሙ ካርዱን እምቢ ያለበት ምክንያት ከካርዱ መበላሸት የመጣ አይደለም። ካርዶቹን የሚሠራው ኤንቪዲያ ለእያንዳንዱ ትውልድ ድራይቨር የሚባለውን አገናኝ ፕሮግራም የሚያወጣው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው። ጂቲ 710 ከሚገኝበት ኬፕለር ከተባለው ትውልድ መደበኛው ድራይቨር የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ ለደኅንነት ብቻ የሚሰጠው እርማትም በ2024 አብቅቷል። አዲስ ፕሮግራም አዲስ ድራይቨር ይጠይቃል፤ ድራይቨሩ ከሌለ ካርዱ ጤነኛ ቢሆንም እንግዳ ቋንቋ እንደሚነገረው ሰው ቆሞ ይቀራል።

ከመግዛት በፊት

ኮምፒውተር ዘገየ ማለት ሁልጊዜ ካርዱ ደከመ ማለት አይደለም። ይህን ለመለየት ባለሙያ መክፈል አያስፈልግም። ሥራው በሚጎተትበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድነት ቢጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት ይከፈታል። በውስጡ የሲፒዩ፣ የራም፣ የዲስክና የጂፒዩ ሥራ በመቶኛ ይታያል፤ ጂፒዩ ማለት የግራፊክስ ካርዱ ዋና ቺፕ ነው። መቶ በመቶ ላይ ተሰቅሎ የቀረው የትኛው ነው? ዲስኩ ከሆነ የሚያስፈልገው ኤስኤስዲ ነው፤ ተሽከርካሪውን አሮጌ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት በብዙ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከማናቸውም ለውጥ የበለጠ ጎልቶ የሚታይ ነው። ራሙ ከሆነ ራም ይጨመራል። ሲፒዩው ከሆነ ደግሞ አዲስ ካርድ ቢገዛም ብዙ አይረዳም፤ ከታፊዎቹ ቢበዙ ወጥ ሠሪዋ ካልደረሰችላቸው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ካርድ መግዛት የሚያዋጣው ጂፒዩው መቶ ሲሞላ፣ የካርዱ ማስታወሻ ሲያልቅ ወይም ከላይ እንዳየነው ፕሮግራሙ ካርዱን አልቀበልም ሲል ነው።

የሥራው ዓይነትም ይታይ። ኦቶካድ ላይ ተራ ፕላን ለመሣል ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የመጣው ግራፊክስ በቂ ነው። ሬቪት የሚባለው የሕንፃ ፕሮግራም አብዛኛውን ጭነት የሚጥለው በሲፒዩውና በራሙ ላይ ነው። በአንጻሩ እንደ ሉሚየን ያሉ የተሣለውን ቤት ከነብርሃኑና ከነዛፉ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ዋናው ጉልበታቸው ካርዱ ነው። ልጅ ካርድ ይገዛልኝ ሲል የትኛው ፕሮግራም እንደሚጠይቀው መጠየቅ የእናት መብት ነው። ጨዋታ ለመጫወት ከሆነም ጨዋታ ነው ይበል፤ ጨዋታ ወንጀል አይደለም፣ ሆኖም ከኪራይ ገንዘብ አይቀደምም።

ሌላው ጽዳት ነው። በአዲስ አበባ የበጋ አቧራ መሐል ለአምስትና ለስድስት ዓመት ተከፍቶ የማያውቅ ሳጥን ውስጥ የካርዱ ማራገቢያና ክንፎቹ መካከል እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ቆሻሻ ተጋግሮ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ቺፑ ሲግል ራሱን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ሥራውን ይቀንሳል፤ ባለቤቷ ግን አረጀ ትላለች። ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ካርዱን አውጥቶ፣ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ማጽዳት ይቻላል። ብሩሹ አዲስና ደረቅ ይሁን። የአየር መንፊያ ካለ ማራገቢያው በነፋሱ ኃይል እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ። ቺፑንና የብረት ክንፎቹን የሚያገናኘው ቴርማል ፔስት የሚባለው ግራጫ ቅባትም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ክንፎቹን የያዙትን ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት ፈትቶ፣ የደረቀውን ቅባት በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት በቺፑ ላይ ማድረግ ነው። ይህ የአንድ ትንሽ ቱቦ ዋጋ ነው። ከጽዳት በኋላ የተሻለ ካርድ ፈላጊነቷ የሚቀር ብዙ ሴት እንደምትኖር እገምታለሁ።

ላፕቶፕ ያላት አንባቢ እዚህ ላይ ልትቆም ትችላለች። ከጥቂቶቹ በቀር የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ የተሠራ ስለሆነ ነቅሎ መተካት አይቻልም። የላፕቶፕ ግራፊክስ እንለውጣለን የሚል ካለ በደንብ ይመርመር።

ሳጥኑ፣ ኃይሉና ሞኒተሩ

የጎረቤቴ ልጅ ካርዱን አጽድታ ሙቀቱ ቢወርድም ፕሮግራሙ እምቢ እንዳለ ቀረ። ካርድ መግዛት ግድ ሆነ። ታዲያ የቱን?

ካርድ መምረጥ የሚጀመረው ከሱቅ ሳይሆን ከሳጥኑ ነው። ለዚህም የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከመሥሪያ ቤት የወጡት ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ ረጅምና ሰፊ ሳጥን ሲኖራቸው፣ ሌሎቹ ጠፍጣፋና ቀጭን ናቸው። በቀጭኑ ውስጥ የሚገባው ሎው ፕሮፋይል የሚባለው ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው። የካርዱ የጀርባ ብረት በሙሉው ዓይነት 12 ሴንቲ ሜትር፣ በአጭሩ ዓይነት ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ርዝመቱም ይለካ፤ ሁለት ማራገቢያ ያለው ካርድ ከዲስኩ ማስቀመጫ ጋር ተጋጭቶ አልገባም የሚልበት ጊዜ አለ። ካርዱ ሁለት ቦታ የሚይዝ ውፍረት ካለው አጠገቡ ያለው ማስገቢያ ባዶ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስሕተቱ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ነው። ካርድ የሚሰካበት ማስገቢያ በደንቡ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ6 ወይም ባለ8 ጥርስ ሶኬት ይጠይቃል፤ ባለ6 ጥርሱ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ8 ጥርሱ 150 ዋት ይጨምራል። ከመሥሪያ ቤት የወጡት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ይህ ሶኬት የላቸውም። አንዳንድ ጠጋኞች ከዲስኩ የሳታ ገመድ ላይ በማገናኛ ስበው ለካርዱ ሲሰጡ ይታያል። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልቱ መሥመር የሚችለው 54 ዋት ብቻ ሆኖ ሳለ 75 እንዲሸከም ይደረጋል ማለት ነው፤ ሶኬቱ ቀልጦ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አይፍቀዱ።

ፓወር ሰፕላዩን ለውጦ ትልቅ ካርድ መግዛትም ይታሰብ ይሆናል። ሆኖም በኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ተራውን ባለ24 ጥርስ ሶኬት ሳይሆን ዴል ለራሱ የሠራውን ባለ8 ጥርስ ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎችም እንዲሁ የራሳቸው አላቸው። ማገናኛ ቢገኝም ወጪው እየተደራረበ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጠባ ለምትፈልግ እናት ምርጫው ተጨማሪ ሶኬት የማይጠይቁ፣ ከ75 ዋት የማይበልጡ ካርዶች ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። የ9020 ቁመታሙ ሳጥን ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው፤ በውስጡ በብዛት የሚገኘው አይ5 4590 ሲፒዩ በከፍተኛ ሥራ 84 ዋት፣ ካርዱ 75፣ ዲስኩ፣ ራሙና ማራገቢያዎቹ ተደምረው 40 ያህል ቢወስዱ ድምሩ ወደ 200 ነው። ትርፍ አለው። በቀጭኖቹ ሳጥኖች ግን ኩባንያው ለማስገቢያው ከ75 ዋት ያነሰ ገደብ ያደረገበት ዓይነት ስላለ የማሽኑን መመሪያ ማየት ይገባል።

ሞኒተሩን የሚረሱ ብዙዎች ናቸው። ቪጂኤ የሚባለው ሰማያዊ፣ ባለ15 ቀዳዳ ሶኬት ያለው አሮጌ ሞኒተር በየቤቱ ሞልቷል። ከ2016 ወዲህ የወጡት የኤንቪዲያ ቺፖች ግን የቪጂኤን ምልክት አያወጡም፤ ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይ ፖርት ወይም ዲቪአይ-ዲ ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ፣ በውስጡ የራሱ ቺፕ ያለው መቀየሪያ አብሮ መገዛት አለበት። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ካልተገዛ ግን አዲሱ ካርድ ገብቶ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

የትኛው ካርድ?

በዚህ ወሰን ውስጥ የሚገቡት ካርዶች ጥቂት ናቸው። ከሁሉ ርካሹ ጂቲ 1030 ነው፤ በ30 ዋት ይሠራል፣ ለስክሪንና ለቀላል ሥራ ይበቃል። ዳሩ ግን ቪዲዮ ጨምቆ የሚያወጣው ክፍል በውስጡ ስለሌለ ለቪዲዮ አቀናባሪ አይሆንም። ከዚህም ሌላ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት አለ፤ በ2018 የመጣው ዲዲአር4 ማስታወሻ ያለው ከመጀመሪያው ጂዲዲአር5 በጣም የዘገየ ነው። ካርቶኑ ላይ ይነበብ።

በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 በ53 ዋት ብቻ ስለሚሠራና አጭር ቁመት ስላለው በቀጭን ሳጥን ባለቤቶች ዘንድ ይወደዳል። ነገር ግን እሱም ቪዲዮ ጨምቆ ማውጫ የለውም፤ በተጨማሪም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መሥመር ብቻ ስለሆነ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። የኢንቴል አርክ ካርዶችም ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን አሠራር ስለሚሹ፣ ይህ በሌለበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ዋጋቸውን ያህል አይሠሩም። ርካሽ ናቸው ተብሎ ቢቀርብልዎ ይህን ያስታውሱ።

ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ባለ4 ጊጋባይትና 75 ዋት፣ ከ2016 ጀምሮ የብዙ ቤት ባለውለታ ነው። ያሁኑ ችግሩ ዕድሜው ነው። ኤንቪዲያ የዚህን ትውልድና ከሱ በፊት የነበረውን የማክስዌልን መደበኛ ድራይቨር በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ የደኅንነት እርማቱ ብቻ እስከ ጥቅምት 2028 ይቀጥላል፤ ዘመናቱ እ.ኤ.አ. ናቸው። በሌላ አነጋገር የጂቲ 710 ዕጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይጠብቀዋል። ከዚህ ይልቅ ጂቲኤክስ 1650 በዋት እኩል ሆኖ ድራይቨሩ ገና አልተቋረጠም። ሁለቱ በዋጋ የሚቀራረቡ ከሆነ በበኩሌ 1650ን እመርጣለሁ። ሲገዛ ግን ተጨማሪ ሶኬት የሌለው መሆኑ ይታይ፤ አንዳንዱ 1650 ባለ6 ጥርስ ሶኬት ይዞ ነው የተሠራው። ገንዘቡ ከፍ ካለ በ2024 የወጣው ባለ6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 በ70 ዋት የሚሠራና ዕድሜው ገና ያልገፋ ነው። ባለ8 ጊጋባይቱ 3050 ሌላ ካርድ ስለሆነና ተጨማሪ ሶኬት ስለሚጠይቅ እንዳይምታታ።

ገበያው

አዲስ ካርድ በካርቶኑ መግዛት ለቻለች መልካም ነው። አብዛኞቻችን የምንደርሰው ግን ነጋዴዎቹ «ስላይትሊ ዩዝድ» ብለው በሚጠሩት፣ በቴሌግራም ወይም በየሕንፃው ሱቅ በሚሸጠው ያገለገለ ካርድ ላይ ነው። በዓለም ገበያ ያገለገለ ካርድ የበዛበት አንደኛው ምክንያት ኢቴሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አሠራሩን በመለወጡ፣ ገንዘቡን በካርድ ጉልበት ሲያወጡ የነበሩት ሰዎች ካርዶቻቸውን ስለሸጡ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ቀንና ሌሊት ሲሠራ የኖረ ነው። የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ማራገቢያውና ቅባቱ ግን ይመረመሩ።

ከድካም ይልቅ የሚያሰጋው ማጭበርበር ነው። በ2010 እና በ2011 የወጡ እንደ ጂቲኤስ 450 ያሉ ካርዶች በውስጣቸው ያለው መለያ ጽሑፍ ተለውጦ ኮምፒውተሩ ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብለው እንዲታዩ ይደረጋል። በዊንዶውስ ውስጥ ስሙን ማየት ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ለጎረቤቴ የቀረበላት የመጀመሪያው ካርድ እንዲህ ያለ ነበር። ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ የወረደ ሲሆን፣ ሻጩም የቪጂኤ ሶኬት ስላለው መቀየሪያ አያስፈልግሽም ብሎ እንደ ትርፍ ቆጠረላት። ልጅቷን ያጠራጠራት ይኸው ሶኬት ነው፤ የ1050 ቲአይ ቺፕ ቪጂኤ አያወጣምና። በፍላሽ ይዛ የሄደችውን ጂፒዩ-ዚ የተባለ ነፃ ፕሮግራም በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከፈተች። ይህ ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ የተለወጠ ካርድ ሲያገኝ በስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ያወጣል። አወጣ። ሻጩ እኔም ከሰው ገዝቼ ነው አለ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ያገለገለ ካርድ በሥራ ላይ ሳይታይ አይገዛ። ጂፒዩ-ዚ መጫን ሳያስፈልገው በቀጥታ የሚከፈት ስለሆነ በፍላሽ ይያዝ። ፈርማርክ የተባለው መፈተኛ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ካርዱን በሙሉ ኃይል ያሠራዋል፤ በዚያ ጊዜ በስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጥብ ወይም መሥመር ቢታይ፣ ስክሪኑ ቢጠፋ፣ ወይም ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ በላይ ቢዘልቅ ካርዱን መልሶ መሄድ ነው። የብሎኖቹ ጭንቅላት ተፋፍቆ ከሆነ ካርዱ ተከፍቷል፤ ለምን እንደተከፈተ ይጠየቅ። የተቃጠለ ሽታ ካለ ምንም አይጠየቅ። ቢያንስ የአንድ ሳምንት ዋስትና ደግሞ በቃል ሳይሆን በደረሰኙ ላይ ከካርዱ መለያ ቁጥር ጋር ይጻፍ። ለመፈተን ኤሌክትሪክ የለም፣ ቤት ወስደሽ እይው የሚል ሻጭ ካለ ኤሌክትሪክ ሲመጣ እመለሳለሁ ማለት ይበቃል።

ጎረቤቴ በሦስተኛው ሱቅ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 ከነመቀየሪያው ገዛች። ያወጣችው ለሙሉ ኮምፒውተር ከተጠየቀችው ከአምስት አንድ እጅ የማይሞላ ሲሆን፣ የቀረው እቁብ ለቤት ኪራዩ ደረሰ። ያን ሌሊት ሙሉ ይፈጅ የነበረው የሠርግ ቪዲዮ አሁን ከእራት በኋላ ተጀምሮ ከመኝታ በፊት ያልቃል። የልጅቷ ፕሮግራም ግን አሁንም ትልልቅ ሥዕሎች ላይ ይጎተታል፤ 4 ጊጋባይት ለሥነ ሕንፃ ጠባብ ነው። ሥዕሉን በአነስተኛ ጥራት እየሠራች የመጨረሻውን ብቻ በትምህርት ቤቷ ኮምፒውተር ታወጣለች።

ማስገባቱ

ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ይነቀላል፤ ከዚያም በውስጡ የቀረው እንዲያልቅ የማብሪያው ቁልፍ ጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ ይያዛል። ከሰውነት የሚወጣ የማይታይ ኤሌክትሪክ ቺፑን ስለሚጎዳ ሥራው ምንጣፍ ላይ ወይም በሱፍ ልብስ አይሠራ፤ አስቀድሞ የሳጥኑን ባዶ ብረት መንካት ያስፈልጋል። አሮጌው ካርድ ከመሳቡ በፊት በማስገቢያው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ መያዣ ትለቀቅ፤ ሳትለቀቅ የተሳበ ካርድ ማስገቢያውን ይዞ ይመጣል። አዲሱ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ በእኩል ይጫናል፣ ብሎኑም ይጠብቃል። የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን አዲሱ ካርድ ላይ መሰካት አለበት፤ በከንቱ የሚያመላልሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ድራይቨሩ ከአምራቹ ገጽ በነፃ ይገኛል። ከ600 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ በጥቅል ኢንተርኔት ለሚጠቀሙ ካርዱ ከመገዛቱ በፊት መሥሪያ ቤት ወይም ዋይፋይ ባለበት ቦታ በፍላሽ አውርዶ ማቆየት ይሻላል። አንዳንድ አሮጌ ማዘርቦርድ አዲስ ካርድ ሲገባለት ባዮስ የሚባለው መነሻ ፕሮግራሙ እንዲታደስ ይጠይቃል። በእድሳቱ መካከል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ዩፒኤስ በሌለበት ቤት ይህ ሥራ አይጀመር፤ ካርዱ ያለ እድሳት ከሠራም ይተው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ለካርዱም ለፓወር ሰፕላዩም ጠላት ነው። ፍሪጁ ስታቢላይዘር ተገዝቶለት ሳለ እንጀራ የሚጋገርበት ኮምፒውተር በተራ ማከፋፈያ መሰካቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የወጣው አሮጌ ካርድ አይጣል። ጂቲ 710 ዛሬም ጽሑፍ ለሚጻፍበት ማሽን፣ በተለይም የማዘርቦርዱ የስክሪን ሶኬት ለተበላሸበት ኮምፒውተር ያገለግላል፤ ቪጂኤ ስላለውም አሮጌ ሞኒተር ያለው ሰው ይፈልገዋል። ጎረቤቴ የራሷን በጋዜጣ ወረቀት ጠቅልላ በቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ አዲሱ አንድ ቀን ቢታመም እስኪታከም ድረስ ሥራዋ አይቆምም።